ሕይወት እንዴት ተጀመረ? ሃይማኖትና ሳይንስ የሚጋጩበትና የማይጋጩበት ቦታ

«ሕይወት ከየት መጣ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ገና ሲጀመር ይበላሻል። አራት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንዱ ስለ ከዋክብት ሲጠይቅ ሌላው ስለ ዝንጀሮ ይመልሳል፤ ሦስተኛው መሀል ገብቶ የሉሲን አጥንት ያነሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ጥያቄዎቹን መለየት ይበጃል።

አንደኛው ጠፈርና ከዋክብት መቼ ተገኙ የሚል ነው። ሳይንስ ለዚህ ታላቁ ፍንዳታ የሚባለውን መልስ ይሰጣል፤ ጊዜውንም ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያደርሰዋል። ሁለተኛው የምድር ዕድሜ ነው፤ በሳይንስ 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ። ሦስተኛው ሕይወት ባልነበረበት ምድር ላይ የመጀመሪያው ሕያው ነገር እንዴት ተገኘ የሚል ሲሆን፣ አራተኛው ከዚያ ወዲህ ገብሱም፣ ጭላዳውም፣ ሰውም እንዴት ተለያይተው በዙ የሚል ነው። ዝግመተ ለውጥ የሚመልሰው ይህን አራተኛውን ብቻ ነው። «ዝግመተ ለውጥ የመጀመሪያውን ሴል አላስረዳም» ብሎ ማሸነፍ አይቻልም፤ የዚያ ትምህርት ሥራ አይደለምና። «ዝግመተ ለውጥ ስለተረጋገጠ የሕይወት አጀማመር ታውቋል» ማለትም እንደዚሁ ስህተት ነው።

የትምህርት ቤት መጽሐፎቻችንም ለግርታው የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለዓመታት ሲያስተምሩበት የኖረው የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ስለ ሕይወት አጀማመር አምስት አመለካከቶችን በተርታ ይዘረዝራል፦ ልዩ ፍጥረት፣ ሕይወት ከሌለው ነገር በድንገት መገኘት፣ ሕይወት መጀመሪያ የሌለው መሆኑ፣ ከሌላ ጠፈራዊ አካል መምጣቱ፣ በኬሚካዊ ሂደት መገኘቱ። ተማሪው አምስቱን እኩል ሚዛን ላይ ያሉ አድርጎ ይሸመድዳቸዋል። እኩል ግን አይደሉም። ሁለተኛው በሙከራ ወድቋል። ሦስተኛው ምድር ራሷ መጀመሪያ ካላት የሚቆምበት የለውም። አራተኛው ጥያቄውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አይመልሰውም። አምስተኛው ዛሬም በቤተ ሙከራ የሚፈተሽ ነው። የመጀመሪያው የእምነት ቃል ስለሆነ በቤተ ሙከራ አይፈተሽም፤ መሠረቱም ሌላ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በትክክል ምን ይላል?

ብዙ ሰው «በስድስት ቀን ተፈጠረ» ብሎ ያልፈዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ግን ከዚያ በጣም የተብራራ ነው፤ ሃያ ሁለት ፍጥረታትን በቀን በቀን ይቆጥራል። እሑድ ስምንት፦ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት፣ ሰማያት፣ መላእክት፣ ጨለማና ብርሃን። ሰኞ አንድ፦ ጠፈር። ማክሰኞ ሦስት የዕፅዋት ወገኖች። ረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። ሐሙስ ከውሃ የተገኙ ሦስት ወገኖች፦ በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሄዱ፣ በክንፍ የሚበሩ። ዓርብ ከየብስ የተገኙ እንደዚሁ ሦስት ወገኖችና አራተኛ ሰው። ሲደመር ሃያ ሁለት ይሆናል።

ሊቃውንቱ አፈጣጠሩንም ይለያሉ። አንዳንዱ ፍጥረት እምኀበ አልቦ ነው፤ ምንም ከሌለበት የተገኘ። አንዳንዱ ግብር እምግብር ነው፤ አስቀድሞ ከተፈጠረ ነገር የተገኘ። ሌላም ክፍል አለ፦ በሐልዮ (በሐሳብ ብቻ)፣ በነቢብ (በቃል)፣ በገቢር (በሥራ)። ብርሃን «ይሁን» በሚል ቃል ተፈጠረ፤ ሰው ግን ከመሬት አፈር ተበጀ፤ ስለዚህ በገቢር ይባላል። የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት፣ መሆኑን፤ ነፍሱም ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢትና (የምትናገርና) ሕያዊት (ሕያው) መሆኗን ያስተምራሉ። ሐሙስና ዓርብ «ውሃ ታውጣ»፣ «ምድር ታውጣ» የሚለው ትእዛዝ ግብር እምግብር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በዚህ ትምህርት ፈጣሪ ፍጥረትን በፍጥረት አማካይነት ማስገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዕድሜውስ? በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። ስለዚህ 2018 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። 7518 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ቀሪው 2 ሲሆን ዘመነ ማርቆስ ነው። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡት ከዚሁ ስሌት በመሆኑ ቁጥሩ በየደብሩ በየዓመቱ የሚሠራበት ነው፤ እንደ ተራ ግምት የሚጣል አይደለም። ይሁንና 5500 ራሱ የተያያዘው ለአዳም ከተሰጠው «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ አድንሃለሁ» ከሚል ተስፋ ጋር ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሯል። «ቀን» የሚለው ቃል በአንድ ቦታ ሃያ አራት ሰዓት፣ በሌላ ቦታ ሺህ ዓመት ሆኖ መነበቡ በትውፊቱ ውስጥም አለ ማለት ነው።

ሙስሊሞች፣ ካቶሊኮችና ወንጌላውያንስ?

በይፋትና በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ሙስሊም ወገናችን የሚያነበው ቁርኣንም ሰማያትና ምድር በስድስት ቀናት መፈጠራቸውን ይናገራል። ሱረቱል ሐጅ 47 ግን በጌታ ዘንድ አንድ ቀን ሰዎች ከሚቆጥሩት ሺህ ዓመት ጋር እኩል መሆኑን ሲገልጽ፣ ሱረቱል መዓሪጅ 4 ሃምሳ ሺህ ዓመት ስለሚያህል ቀን ያወሳል። በዚህ ምክንያት የምድር ዕድሜ ረጅም መሆኑ አብዛኞቹን የእስልምና ሊቃውንት አያስጨንቅም። ሱረቱል አንቢያእ 30 ሕያው ነገር ሁሉ ከውሃ መገኘቱን ይናገራል። ሙግቱ የሚጠነክረው አደም ላይ ነው፤ አደም ከጭቃ በቀጥታ መፈጠሩን ብዙኃኑ አጥብቀው ይይዛሉ። የሌሎች እንስሳትን ዝግመተ ለውጥ ተቀብለው አደምን ብቻ የሚለዩም አሉ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1950 በጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በኩል የሰው ሥጋ ከቀደመ ሕያው ነገር መምጣት አለመምጣቱ እንዲጠና ፈቅዳለች፤ ነፍስ ግን በቀጥታ ከእግዚአብሔር ናት ብላለች። ታላቁ ፍንዳታ ዛሬ የሚባለውን ሐሳብ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ ዦርዥ ለሜትር የተባሉ ካቶሊክ ካህን መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ወንጌላውያን ዘንድ አንድ ወጥ አቋም የለም፤ ምድርን ከአሥር ሺህ ዓመት በታች የሚያደርጉም፣ ስድስቱን ቀናት እንደ ረጅም ዘመናት የሚያነቡም አሉ።

የድንጋይ ዕድሜ እንዴት ይለካል?

ለዚህ ጥያቄ ሰሜን ሸዋ ጥሩ መማሪያ ነው። ከለሚ ወይም ከመርሐቤቴ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ከላይ ጥቁር ድንጋይ ያገኛል፤ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ለሚ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ለዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው። ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል፦ የኖራ ድንጋዩ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግ አረፋ ይሠራል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ምንም አይሆንም። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን የሚወጣውም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ቀንድ አውጣና የባሕር ዛጎል ሽፋናቸውን የሚሠሩበት ነገር። በድንጋዩ ውስጥም የባሕር ዛጎሎች አሉ። ጂኦሎጂስቶች ይህን ቦታ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ሥር ያኖሩታል። ከላዩ ባለው የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል።

ብዙ አማኝ ዛጎሉን ሲያይ የኖኅን የጥፋት ውሃ ያስባል። ጂኦሎጂስቱ የሚያነሳው ተቃውሞ ከሥር ያለው ጀሶ ነው። በጎሃ ጽዮን አካባቢ ከኖራ ድንጋዩ በታች የጀሶ ንብርብር አለ፤ ጀሶ ደግሞ የሚፈጠረው የባሕር ውሃ በፀሐይ ተንኖ ሲደርቅ ነው። መድረቅ፣ እንደገና በባሕር መሸፈን፣ ከዚያ ወንዝ አሸዋ ማምጣት፣ በመጨረሻ እሳተ ገሞራ፦ ይህ ተከታታይ ታሪክ በአንድ ዓመት ጎርፍ ውስጥ አይገባም ይላል። ንብርብሮቹ በፍጥነት ተጥለዋል ብለው የሚከራከሩም አሉ፤ ጀሶውን ማስረዳት ግን ይከብዳቸዋል።

አሁን ወደ ዓመቱ ቁጥር። በጥቁሩ ድንጋይና በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሲየም 40 የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ማለትም ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ግማሹ ለመበስበስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከሚበሰብሰው ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ ገደማ አርጎን 40 ይሆናል። አርጎን ጋዝ ነው፤ ድንጋዩ ቀልጦ እያለ አምልጦ ይወጣል፤ ሲረጋ ግን በክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። ስለዚህ ሰዓቱ ከዜሮ የሚነሳው ድንጋዩ በረጋበት ቀን ነው።

ባለሙያው ያልተበላሸ አመድ ወይም ድንጋይ ይመርጣል፣ ይፈጫል፣ ያጥባል፣ በማይክሮስኮፕ ፌልድስፓር የሚባሉትን ክሪስታሎች አንድ በአንድ ይለቅማል። በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ካለፉ በኋላ በሌዘር ይሞቃሉ፤ የሚወጣው አርጎን ይለካል። ስህተት የሚገባባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ጎርፍ ያመጣው አሮጌ ክሪስታል ከተቀላቀለ ዕድሜው ከእውነተኛው ይበልጣል። ድንጋዩ ከረጋ በኋላ እንደገና ከጋለ አርጎኑ ያመልጥና ዕድሜው ያንሳል። ክሪስታሎች አንድ በአንድ የሚለኩትም ለዚህ ነው፤ ባዕዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል። የኖራ ድንጋይ ራሱ በዚህ መንገድ አይለካም፤ ዕድሜው የሚገኘው በውስጡ ካሉት ቅሪተ አካላት ዓይነትና በሌላ ቦታ ከተለኩ የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች ጋር በማመሳከር ነው።

እዚህ ላይ በሁለቱም ወገን የሚሰማ ስህተት አለ፤ «የሉሲ ዕድሜ በካርቦን ተለካ» የሚለው። አልተለካም፤ ሊለካም አይችልም። ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ከ57 ሺህ ዓመት በኋላ የሚተርፈው ከሺህ አንድ ገደማ ብቻ ነው። የድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተገኘው ከአጥንቷ ሳይሆን በሐዳር ከተገኘችበት አፈር በላይና በታች ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሙሽ ሸለቆ የተገኙት ቅሪተ ቅጠሎችም እንደዚሁ በአመድ ተለክተው ወደ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ተሰጥቷቸዋል። ዛሬ ብርድ በሚያንቀጠቅጥበት ደጋ ያኔ ደን ነበር።

የመጀመሪያው ሕያው ነገር እንዴት ተገኘ?

ሳይንስ የተሟላ መልስ የሌለው እዚህ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) መረቅ አፍልቶ እንደ ዳክዬ አንገት በተቆለመመ ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጠው። አየር ይገባል፤ አቧራ ግን አንገቱ ላይ ይቀራል። መረቁ አልተበላሸም። አንገቱ ሲሰበር ግን ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ሕይወት ከሕይወት እንጂ ከመረቅ በድንገት አይገኝም ተባለ። ፓስተር ያሳየው ግን ዛሬ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ የተሟላ ጀርም ከምንም እንደማይነሳ ነው። ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ኦክስጅን በሌለበት ምድር ላይ ስለሆነው አልሞከረም።

ችግሩን ለመረዳት እርሾን ማሰብ ይረዳል። ሊጥ የሚቦካው ካለፈው ሊጥ በተረፈ እርሾ ነው፤ ያም ከዚያ በፊት ከነበረው። የመጀመሪያው እርሾ ከየት መጣ? ሴልም እንዲሁ ነው። ሴል ፕሮቲን የሚሠራው የዘር መረጃ በሚይዘው ሞለኪውል፣ በዲኤንኤ፣ መመሪያ ነው፤ ዲኤንኤ የሚገለበጠው ደግሞ በፕሮቲን ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። (ንጽጽሩ ከዚህ አያልፍም፤ የጤፍ ዱቄትና ውሃ ለቀናት ቢተው ራሱ ይቦካል፤ ጀርሞቹ ግን አስቀድመው በዱቄቱ ላይ ነበሩ።)

በ1953 እ.ኤ.አ. ስታንሊ ሚለር ሜቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅንና የውሃ እንፋሎት በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ እንደ መብረቅ ባለ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲመታው ከሰነበተ በኋላ፣ የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑ አሚኖ አሲዶች አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ በወደቀው የመርቺሰን ተወርዋሪ ድንጋይ ውስጥም አሚኖ አሲዶች ተገኝተዋል። እንግዲህ ጥሬ ዕቃው ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ከጥሬ ዕቃ እስከ ሴል ያለው መንገድ ግን ሩቅ ነው። የጥንቱ አየር ሚለር ካሰበው ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን የበዛበት ሳይሆን አይቀርም፤ በዚያ አየር ምርቱ ይቀንሳል። ውሃ ረጃጅም ሞለኪውሎችን ይበጥሳል። አሚኖ አሲዶች ደግሞ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት ዓይነት ሆነው በእኩል መጠን ይፈጠራሉ፤ ሕይወት የሚጠቀመው ግን አንዱን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከዶሮና ከእንቁላል ጣጣ የሚያወጣው መንገድ አርኤንኤ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ የሆነው ይህ ሞለኪውል መመሪያም ይይዛል፣ ሥራም ይሠራል። ይህን ያሳዩት ሲድኒ አልትማንና ቶማስ ቼክ እ.ኤ.አ. በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ድክመቱ አርኤንኤ በቀላሉ መፈራረሱና ያለ ኬሚስት እጅ መሥራቱ አዳጋች መሆኑ ነው። ሌሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ከተገኙት የውቅያኖስ ሥር ፍል ውሃዎች ይነሳሉ። የሚታወቀው ነገር ሕይወት ቢያንስ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ መኖሩ ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ጀርሞች የገነቧቸው ድንጋዮች ይህን ያመለክታሉ። «ሳይንስ አልደረሰበትምና ፈጣሪ ነው» የሚለው መከራከሪያ ለአማኙ ራሱ አይበጅም፤ ነገ ሳይንስ ቢደርስበት እምነቱ በዚያው ልክ እንዳይጠብ።

ሰው ከጭላዳ መጣ ማለት ነው?

አይደለም፤ ሳይንስም እንዲህ አይልም። የመንዝ ጓሳ ጭላዳ የሰው አያት ሳይሆን እስከ ዛሬ የተለወጠ፣ የራሱ መንገድ ያለው እንስሳ ነው፤ የወገኑ ብቸኛ ተራፊ ሆኖ ሣር ሲግጥ ይውላል። የትልልቅ ዘመዶቹ ቅሪት በአፋር ይገኛል። ሳይንስ የሚለው የሰውና የጭላዳ የዘር ሐረግ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ የሰውና የቺምፓንዚ ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጋራ ምንጭ ተለያየ ነው።

ማስረጃው አጥንት ብቻ ቢሆን ክርክሩ ይቀጥል ነበር። ከሁሉ የሚከብደው በዘረመል ውስጥ ያለው ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲ በራሳቸው ሰውነት ይሠራሉ። ሰው አይሠራም፤ መሥሪያው ጂን አለው፣ ግን ተሰብሯል። ቺምፓንዚም ጭላዳም ያው ጂን ተሰብሮባቸዋል። ሰው 46 ክሮሞሶም (ጂኖች የተደረደሩበት ክር) አለው፣ ቺምፓንዚ 48። የሰው ሁለተኛው ክሮሞሶም ሁለት ክሮሞሶሞች ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙበት ምልክት በመሐሉ ይዟል። አማኝ ባዮሎጂስቶች ይህን «ግብር እምግብር» ብለው ያነቡታል፤ ሌሎች አማኞች ደግሞ አንድ ፈጣሪ አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግሞ ተጠቀመ ይላሉ። ሁለተኛው መልስ ለሚሠራ ጂን ይስማማል፤ ለተሰበረ ጂን ግን ይከብዳል።

ታዲያ በእውነት የሚጋጩት የት ላይ ነው?

«ሁለቱ ፈጽሞ አይጋጩም» ማለት ደግ ይመስላል፤ እውነት ግን አይደለም። 7518 ዓመትና 4.54 ቢሊዮን ዓመት ቃል በቃል ከተወሰዱ አይታረቁም። አዳም ያለ ወላጅ ከአፈር ተበጀ የሚለውና የሰው ሥጋ ከቀደሙ እንስሳት ወረደ የሚለውም እንደዚሁ። የዘረመል ጥናት የጥንቱ ሰው ቁጥር በተመናመነ ጊዜም በሺዎች ይቆጠር እንደነበር ይገምታል፤ ይህ ከሁለት ሰዎች ብቻ መወለድን ይፈትናል።

ለሃይማኖት ሊቃውንት የሚከብደው ግን ዕድሜው ሳይሆን ሞት ነው። ሮሜ 5፥12 ሞት በኃጢአት ወደ ዓለም ገባ ይላል፤ ቅሪተ አካል ማለት ደግሞ ከሰው በፊት ብዙ ፍጡር ሞቷል ማለት ነው። የተባለው የሰው ሞት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ የነፍስ ሞት ነው የሚሉም አሉ፤ የድንጋዩን ዕድሜ ራሱን የሚክዱም አሉ። በዚህ ጉዳይ ማይክሮስኮፕ የሚፈርደው የለም። ዓለም ለምን አለ፣ ሰው ለምን ተፈጠረ የሚለውም እንዲሁ ከቤተ ሙከራ ውጭ ነው።

ዝግመተ ለውጥን ማወቅ ለገበሬው ምን ያደርግለታል?

ስንዴ የሚዘራ ሁሉ ዋግ የሚባለውን የፈንገስ በሽታ ያውቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ አገሪቱን ሲመታ በስፋት ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ ክፉኛ ተጎዳ። በእርሱ ፋንታ ዲገሉ ተስፋፋ፤ ቢጫ ዋጉን ቻለው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በ2013 እና 2014 እ.ኤ.አ. አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ዲገሉን ጣለው። የሆነው ይህ ነው፦ በአንድ ማሳ ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው የዋግ ዱቄት ይራባል፤ ሲገለበጥ ስህተት ይፈጠራል፤ ከስህተቶቹ አንዱ የዝርያውን መከላከያ ካለፈ ያ ብቻ ተርፎ ይባዛል። አገር ምድሩ አንድ ዝርያ ከዘራ ያለፈው ዋግ የሚያቆመው አያገኝም። በወገን ውስጥ የሚሆን እንዲህ ያለ ለውጥ «እንደ ወገኑ» የሚለውን የኦሪት ዘፍጥረት ቃል አጥብቀው የሚይዙትም አይክዱትም። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ዝርያ አሰባጥሮ መዝራት፣ ከዋግ የወደቀውን ዝርያ ዘር ለከርሞ አለማስቀመጥና በቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት እንደታየ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ መንገር ይጠቅማል፤ መድኃኒት የሚሠራው ዋጉ ሳይስፋፋ ከተረጨ ነው።